ሕፃናት እየጠበቁ ምሳ ማድረስ፦ የቤት ዴይኬር የወጥ ቤት ሰዓት

እዚህ አሜሪካ፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በሚኒሶታም፣ ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) የከፈቱ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ለአብዛኞቹ ወጥ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ለሠርግ ድስት የጣደች ሴት የስድስት ሕፃን ምሳ አያቅታትም። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። አንዷ ሽንት ቤት ትላለች፣ አንዱ ያለቅሳል፣ በር ይንኳኳል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ እዚያ ያርራል።

እኔ የማምንበት አሠራር አንድ ነው። ልጆቹ ባሉበት ሰዓት ምግብ አይሠራም። ይሞቃል፣ ይቆረሳል፣ ይቀርባል፣ በቃ። ዋናው ሥራ የሚያልቀው እሑድ፣ ማታ እና ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ላይሰንሱ የተሰጣችሁ ልጆቹን እንድትጠብቁ ነው። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሌት ስታማስሉ ማንንም እየጠበቃችሁ አይደለም።

1. ቀኑን ከእንቅልፍ ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና መጀመሪያ የናፕ ሰዓት ጻፉ። (ሰዓቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ልጆቹ 12:30 ላይ የሚተኙ ከሆነ 11:30 ገበታ ላይ መቀመጥ አለባቸው። 11:15 እጅ መታጠቢያ ነው። 11:00 ምግቡ ምድጃ ላይ መሞቅ ይጀምራል። ቁርስ 8:00፣ ከእንቅልፍ በኋላ ስናክ 3:00 ይሁን።

ብዙዎች 10:00 ላይ ሌላ ስናክ ይጨምራሉ። እኔ አልመክርም። ፉድ ፕሮግራሙ፣ ማለትም ከፌዴራሉ የእርሻ መሥሪያ ቤት መጥቶ በስፖንሰር ድርጅት በኩል የሚደርሳችሁ ገንዘብ፣ ለአንድ ልጅ በቀን የሚከፍለው ቢበዛ ለሁለት ዋና ምግብና ለአንድ ስናክ፣ ወይም ለአንድ ዋና ምግብና ለሁለት ስናክ ነው። አራተኛው ሰሃን ከኪሳችሁ ነው። ደግሞ 10:00 ላይ ብስኩት የበላ ልጅ 11:30 ላይ ምስሩን ዞር ብሎ አያየውም። በጣም ማለዳ የሚመጣ ልጅ ካላችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቁርሱን ወደ 7:30 ሳቡት።

2. የሦስት ሳምንት ሜኑ አውጡ፣ ከዚያ ደጋግሙት

በየቀኑ «ዛሬ ምን ልሥራ» ማለት ራሱን የቻለ ድካም ነው። ሦስት ሳምንት ይበቃል። ሕፃናት በመደጋገም አይሰለቹም፤ እንዲያውም የለመዱትን ነው የሚበሉት።

በፉድ ፕሮግራሙ ሕግ ቁርስ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ወተት፣ አትክልት ወይም ፍራፍሬ፣ እህል። በሳምንት እስከ 3 ቀን በእህሉ ቦታ እንቁላል ወይም ሌላ ፕሮቲን ማቅረብ ይቻላል። ምሳ አምስት ነገር ነው፦ ወተት፣ ሥጋ ወይም ምትኩ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እህል። ስናክ ከእነዚህ አምስቱ ሁለቱ ከተሟሉ ይበቃል። በቀን አንዱ እህል ያልተፈተገ መሆን አለበት። ጭማቂ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆጠርም። ኩኪስና ኬክ እንደ እህል አይቆጠሩም።

የኛ ምግብ እዚህ ላይ ይመቻል። ጤፍ ያልተፈተገ እህል ነው። ምስር፣ አተርና ባቄላ የሥጋ ምትክ ሆነው ይቆጠራሉ። ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ የበሰለ ምስር ሩብ ኩባያ፣ ማለት 4 የሾርባ ማንኪያ ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 6 የሾርባ ማንኪያ ነው። ያው ምስር ግን በአንድ ጊዜ ሥጋም አትክልትም ሆኖ ሁለት ቦታ አይቆጠርም፤ ጎመኑን ወይም ካሮቱን ለብቻ መጨመር አለባችሁ። አትክልቱ ለትንንሾቹ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ለትልልቆቹ 4 ነው፤ ፍራፍሬውም እንደዚያው። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ሜኑ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት እንዴት እንደሚቆጠር ስፖንሰራችሁን ጠይቁ።

ወተቱ ላይ ተጠንቀቁ። የ1 ዓመት ልጅ ቅባቱ ያልወጣ ወተት ይጠጣል። ከ2 ዓመት ጀምሮ 1 ፐርሰንት ወይም ጭራሽ ቅባት የሌለው ነው። ሁለት ጋሎን ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይምታታሉ፤ አንዱ ክዳን ላይ ባለቀለም ቴፕ ለጥፉበት።

እና ሳምቡሳ! ፕሮግራሙ ቤት ውስጥ በብዙ ዘይት የተጠበሰ ነገር አይፈቅድም። ሳምቡሳውን ዘይት ቀብታችሁ ኦቨን ውስጥ ጋግሩት። ልጆቹ ልዩነቱን አያውቁም፤ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የሥጋውን ነገር ሜኑ ስታወጡ ጨርሱት። የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጆች ያሉበት ቤት ማን ያረደውን ማን ይበላል የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አሳማ ከቤቱ ይውጣ። ማርሽሜሎና ጄሎም ብዙ ጊዜ ጀላቲናቸው ከአሳማ ስለሆነ አብረው ይውጡ። ለሁሉም በሚሆን በእንቁላል፣ በዓሣና በጥራጥሬ ሳምንቱን ብትሞሉት ሁለት ዓይነት ድስት ከመጣድ ትድናላችሁ። የላም ወተት የማይፈልግ ወላጅ ካለ ደግሞ በጽሑፍ ከጠየቀ እንደ ላም ወተት የበለጸገ የሶያ ወተት መስጠት ይቻላል። የአልሞንድ ወተት ግን ብዙ ጊዜ አይተካውም።

3. እሑድ፦ ቁሌቱን ጨርሱት

ከሁሉም ሥራ ጊዜ የሚበላው ሽንኩርት ነው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ብቻ ይሠራ።

አምስት ፓውንድ ሽንኩርት ልጣችሁ በፉድ ፕሮሰሰር ክተፉ። ማሽኑን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ እያደረጋችሁ ነው፤ ዝም ብሎ ከዞረ ሽንኩርቱ ይላቁጥና ውሃው አልደርቅ ይላል። ሰፊ ድስት ላይ ያለ ዘይት አማስሉት። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ትንሽ እርድ። በርበሬ የለም፤ ለአዋቂ የምትፈልጉትን ለብቻ ቀንሳችሁ በርበሬውን እዚያ ጨምሩ።

ሲበርድ በማፊን መጋገሪያ ቆርቆሮ ጉድጓዶች ውስጥ ሙሉትና ፍሪዘር አስገቡት። ሲጠጥር አውጥታችሁ በዚፕሎክ ከረጢት፣ ቀኑን ጽፋችሁበት። ከዚህ በኋላ አልጫ ምስር ማለት ሁለት የቁሌት ድቡልቡል፣ አንድ ተኩል ኩባያ ክክ ምስርና ውሃ ነው። ለስድስት ልጅ ይበቃል። ወፈር አድርጉት፤ ቀጭን ወጥ ከእንጀራው ይልቅ ሸሚዙ ላይ ነው የሚደርሰው።

ጨጨብሳ ለመሥራት ቂጣውን፣ ለስናክ የሚሆን ዳቦውንም እሑድ ጋግሩ። ሁለቱም ፍሪዘር ይችላሉ።

4. ማታ፦ የነገን ምሳ አብስሉ

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ለራሳችሁ ቤተሰብ እራት ስትሠሩ የነገው ምሳ ጎን ለጎን ይጣድ። ጥቅል ጎመን በካሮትና በድንች፣ ወይም አልጫ ምስር፣ ወይም ፓስታ በሥጋ። እንጀራ ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ከረጢቱ ላይ ያለውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል፤ ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለ «ጤፍ ነው» ብሎ መስጠት አደጋ ነው።

ትኩሱን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ። መሃሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ ባክቴሪያም የሚራባው እዚያ ነው። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ፣ ከሁለት ኢንች በማይበልጥ ውፍረት ዘርግታችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። ፍሪጁ 40 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ርካሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አንጠልጥሉ፤ ኢንስፔክተር ሲመጣም የሚያየው እሱን ነው።

5. ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት

የቁርሱ ነገር ገበታ ላይ ይደርደር፣ ፍራፍሬው ይቆረጥ። ስሎው ኩከር (ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) የምትጠቀሙ ከሆነ አሁን ነው የሚሰካው፤ ገመዱ ልጅ በማይደርስበት በኩል ይሁን። ሦስት ነገር ብቻ አስታውሱ። ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሆነ ሥጋ ሳይቀልጥ አይገባበትም። ቀይ ቦሎቄ ተዘፍዝፎ፣ ያ ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይንተከተክ አይገባበትም፤ በዝቅተኛ ሙቀት መርዙ አይጠፋም። የትናንትን ምግብ ደግሞ በሱ አታሙቁ፣ በጣም ቀስ ይላል።

6. ከ11:00 እስከ 11:30፦ አስቸጋሪው ግማሽ ሰዓት

ምሳውን በኋለኛው ምድጃ ላይ፣ እጀታውን ወደ ውስጥ አዙራችሁ አሙቁ። 165 ዲግሪ ይድረስ፣ ከዚያ አውርዳችሁ ለልጅ አፍ እስኪሆን አብርዱት። የወጥ ቤቱ በር ላይ የሕፃን አጥር ይኑር፤ እናንተ በላዩ ታዩአቸዋላችሁ፣ እነሱ ግን አይገቡም።

ልጆቹን ሥራ ስጧቸው። የ4 ዓመት ልጅ ኩባያ ይደረድራል፣ ናፕኪን ያድላል፣ እንጀራ ይቆርሳል። የ2 ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ይወለውላል፤ አይጸዳም፣ ግን ሥራ ይዟል። እናንተም በመሃል ጸጥ ያለ ጊዜ ታገኛላችሁ።

7. ማቅረብ

ለእያንዳንዱ የራሱ ሰሃን። ከአንድ ትሪ መብላት ደስ ይላል፣ ዴይኬር ውስጥ ግን አለርጂም አለ፣ ጉንፋንም አለ፣ ማን ምን ያህል እንደቀረበለትም መታወቅ አለበት። ጉርሻም ይቅር። ልጁ ራሱ ይብላ፣ ቢያቆሽሽም።

የወይን ፍሬ በቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጣል። ጥሬ ካሮት፣ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ፣ ቆሎ እና ድፍን ሆትዶግ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቆሎውን በተለይ አያቶች ይዘው ይመጣሉ፤ በትህትና ተቀብላችሁ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ሰሊጥም ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ እሽግ ምግብ ላይ መጻፍ ካለባቸው ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው፤ ዳቦ ስትገዙ እዩት።

ዓመት ያልሞላቸው ለብቻቸው ናቸው። እነሱ ሲርባቸው ይበላሉ እንጂ ሜኑ አይጠብቁም። ማር አይቀምሱም፣ የላም ወተትም ገና ነው። ጡጦ በማይክሮዌቭ አይሞቅም፤ ሙቅ ውሃ ያለበት ኩባያ ውስጥ ይቀመጥ። የጀመሩት ፎርሙላ (የሕፃን የዱቄት ወተት) አንድ ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

8. ናፕ ሰዓት፦ ድስት ሳይሆን እስክሪብቶ

ብዙዎች ይህን ሰዓት ለማብሰል ይጠቀሙበታል። እኔ አልወደውም። የተኙትን እየዞሩ ማየት አለ፣ በተለይ ጨቅላዎቹን። በዚያ ላይ የድስት ኮሽታ አንዱን ካነቃ ሁሉም ተነሱ ማለት ነው። የስናኩን ሙዝና እርጎ አዘጋጁ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ የምግቡን መዝገብ ሙሉ፦ ማን ቁርስ በላ፣ ማን ምሳ በላ፣ ምን ቀረበ። መዝገቡ የዕለቱ በዕለቱ መሆን አለበት። ስፖንሰሩ በዓመት ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ ቢያንስ ሁለቱን ሳይነግራችሁ። ዓርብ ላይ የሳምንቱን አንድ ላይ የምትሞሉ ከሆነ ማክሰኞ ሲመጣ ባዶ ወረቀት ነው የሚያገኘው። የግሮሰሪ ደረሰኝም እዚያው ፎልደር ውስጥ ይግባ፤ ለታክስ ጊዜም ትፈልጉታላችሁ።

9. የመጠባበቂያ ምሳ ይኑራችሁ

ልጅ የሚያተኩስበት፣ መብራት የሚጠፋበት፣ ማታ ደክሟችሁ ምንም ሳትሠሩ ያደራችሁበት ቀን ይመጣል። ለዚያ ቀን አንድ መደርደሪያ ለዩ፦ ካልተፈተገ ስንዴ የተሠራ ዳቦ፣ ጨው ያልበዛበት የታሸገ ሽምብራ፣ የታሸገ በቆሎ፣ በራሱ ጭማቂ የታሸገ ኮክ። ሽምብራውን አጥባችሁ በሹካ ጨፍልቁት፣ ዘይትና ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ዳቦው ላይ ቀቡት። ከወተቱ ጋር አምስቱም ተሟሉ፣ ምድጃም አልተነካም። ከዚያ ሜኑው ላይ የነበረውን ሰርዛችሁ የቀረበውን ጻፉ።