የሜታኖል ጭነት ሲታገድ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሜታኖል እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው፤ ሽታውም ከሚጠጣው አልኮል ብዙም አይለይም። ሙቀቱ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ እሳት ሊይዝ የሚችል ተን ያወጣል፤ በደጋ ቀዝቃዛ ሌሊት ካልሆነ በቀር በአገራችን መጋዘኖች ሁሉ ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ መርዝ ነው፤ ጥቂት ማንኪያ የጠጣ ሰው ዓይኑን ሊያጣ፣ ትንሽ ያበዛ ደግሞ ሊሞት ይችላል። የማጓጓዣ ደንቦች ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ይጽፉታል፦ ዩኤን 1230፣ ሜታኖል፣ ክፍል 3 (6.1)፣ የማሸጊያ ቡድን 2። ዩኤን 1230 የዕቃው መለያ ቁጥር ነው፤ ሦስቱ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ማለት ነው፤ በቅንፍ ውስጥ ያለው 6.1 ደግሞ መርዝነቱን ይናገራል። የማሸጊያ ቡድኑ የአደጋውን ደረጃ ያሳያል፤ 1 ከሁሉ የከፋው፣ 3 ከሁሉ የቀለለው ነው።

እኔ እንደምታዘበው፣ ጭነት አስመጪውን የሚያስለቅሰው በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። ሜታኖልን እንደ ነዳጅ የሚያስብ ሰው እሳቱን ይፈራል፤ መርዙን ይረሳል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ መርሳት የሚመነጩ ናቸው።

ደንቦቹ እርስ በርስ የሚጣሉ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ። ሁሉም መሠረታቸው የተባበሩት መንግሥታት ሞዴል ደንብ ነው። ለባሕር አይኤምዲጂ ኮድ አለ፤ ከጥር 2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አስገዳጅ ነው። ለአየር የአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) መመሪያና በእርሱ ላይ የተመሠረተው የአያታ (የአየር መንገዶች ማኅበር) ደንብ፣ ለአውሮፓ መንገዶች ደግሞ ኤዲአር ይሠራሉ። ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አንድ በርሜል ከእነዚህ ቢያንስ በሁለቱ ሥር ያልፋል።

የመርከብ ድርጅቱ ሰነዱን ይመልሳል

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ወረቀቶቹ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። በዕቃ መግዣ ደረሰኙ ላይ «የኢንዱስትሪ አልኮል» ተብሏል፤ በአደገኛ ዕቃ መግለጫው ላይ ሜታኖል ተብሏል፤ የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥሩ ደግሞ የኢታኖል ሆኗል። ለደንቡ ኢታኖልና ሜታኖል ዘመድ አይደሉም። ኢታኖል ዩኤን 1170 ነው፤ ክፍል 3 ብቻ እንጂ 6.1 የለበትም። የታሪፍ ምዕራፋቸውም ይለያያል፤ ሜታኖል በ2905.11 ሲመዘገብ ኢታኖል በ2207 ነው። «አልኮል» ብሎ መጻፍ ቀረጥን ወይም ምርመራን ያቀላል ብሎ የሚመክር ሰው ካለ አይስሙት፤ በመርከብ ላይ የተሳሳተ መግለጫ ከቅጣት አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

መፍትሄው ሻጩ ከኬሚካሉ ጋር ከሚሰጠው የደህንነት መረጃ ሰነድ ክፍል 14 መጀመር ነው። የማጓጓዣ መረጃው እዚያ ነው ያለው። ከእዚያ የተገኘውን መስመር ቅደም ተከተሉን ሳይቀይሩ ወደ መግለጫው፣ ወደ ኮንቴይነር መጫኛ ማረጋገጫውና ወደ ጭነት ሰነዱ ይገልብጡት። በደረሰኙም ላይ ሜታኖል ወይም ሜቲል አልኮል ተብሎ ይጻፍ። ይህ ሥራ ሻጩ ፋብሪካ ሳለ አንድ ኢሜይል ነው፤ ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ግን በየቀኑ የሚቆጠር የመጋዘን ኪራይና የዲመሬጅ (የኮንቴይነር መዘግየት) ክፍያ ይሆናል።

በርሜሉ ላይ ቀዩ ምልክት ብቻ አለ

ቀይ መደብ ላይ ነበልባል ተለጥፏል፤ ነጭ መደብ ላይ ያለው የራስ ቅል ግን የለም። ሻጩን ሲጠይቁት «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንልከው» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ዕቃው ከአሜሪካ ከተገዛ ምክንያቱ ከአገሪቱ የፌዴራል ደንብ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ደንብ ሠንጠረዥ ሜታኖል ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። አንዱ መስመር ለዓለም አቀፍ ጉዞ ሲሆን 3 እና 6.1 ምልክቶችን ይጠይቃል፤ ሌላው ለአገር ውስጥ ጉዞ ብቻ ሆኖ በ3 ይበቃዋል። ከአገር ውስጥ ክምችት የተነሣ በርሜል ሁለተኛውን ምልክት ሳይይዝ ወደብ ይደርሳል።

ትዕዛዙ ሲሰጥ «ለባሕር ጉዞ፣ በአይኤምዲጂ መሠረት» የሚል ሐረግ ይግባበት፤ ከመጫኑም በፊት የበርሜሉን ፎቶግራፍ ይጠይቁ። ሁለቱም ምልክቶች እያንዳንዱ ጎናቸው ቢያንስ 100 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በኮንቴይነሩ አራቱም ጎኖች የሚለጠፉት ትልልቆቹ ደግሞ 250 ሚሊ ሜትር ናቸው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 80 በርሜል ቢይዝ የፈሳሹ ክብደት ብቻ ከ12 ቶን ይበልጣል፤ የአንድ አደገኛ ዕቃ ጭነት ለብቻው ሆኖ ከ4,000 ኪሎ ካለፈ ደግሞ 1230 የሚለው ቁጥር ራሱ በኮንቴይነሩ ላይ መታየት ይኖርበታል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ምልክቱ ተለጥፎ የወደቀ ከሆነ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። የባሕሩ ደንብ በባሕር ውሃ ውስጥ ለሦስት ወር ቢጠመቅ እንኳ የሚነበብ ምልክት ይጠይቃል። በቢሮ ማተሚያ የወጣ ወረቀት ይህን አይችልም።

ተቆጣጣሪው «በርሜሉ አይፈቀድም» ይላል

በርሜሉ አዲስ፣ ያልዛገ፣ የማያፈስ ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪው የሚያነበው ግን ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ኮድ ነው። ለምሳሌ «1ኤ1/ዋይ1.4/150/24» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ (በበርሜሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚቀረጸው) 1ኤ1 ክዳኑ የማይነሣ የብረት በርሜል ነው። «ዋይ» ለማሸጊያ ቡድን 2 እና 3 የተፈቀደ መሆኑን ያሳያል፤ 1.4 የሚይዘውን ፈሳሽ አንጻራዊ ጥግግት ጣሪያ፣ 150 በኪሎ ፓስካል የተፈተነበትን ግፊት፣ 24 የተሠራበትን ዓመት። በ«ዋይ» ቦታ «ዜድ» ካለ በርሜሉ ለቡድን 3 ብቻ ነው፤ ሜታኖል አይገባበትም። «ኤክስ» ካለ ለሦስቱም ቡድኖች ይሆናል።

ዓመቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አደገኛ ፈሳሽ የሚጫንበት የፕላስቲክ በርሜል ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በአጠቃላይ አምስት ዓመት ነው የሚያገለግለው። አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው። «17» የሚል የተቀረጸበትን በርሜል የእኛ 2017 ነው ብሎ ገና አዲስ አድርጎ የሚቆጥር ዕቃ ቤት ጠባቂ አይጠፋም፤ በርሜሉ ግን ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። መፍትሄው ወደ ሕጋዊ በርሜል መገልበጥ ብቻ ነው፤ ያንንም በወደብ ሜዳ ላይ ማንም አይፈቅድልዎትም።

በርሜሉ አብጦ ይደርሳል

ይህ ችግር የመንገዳችን ልዩ ጠባይ ነው፤ ስለዚህ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዕቃው ከባሕር ጠለል ይነሣል፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው የጅቡቲ ሜዳ ላይ ይቆያል፤ በጋላፊና በሚሌ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋው ይወጣል። በዚህ ጉዞ ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ። ሜታኖል ሲሞቅ ይሰፋል፤ 200 ሊትሩ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ በ7 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ተኑም ይገፋል፤ በ20 ዲግሪ 13 ኪሎ ፓስካል ገደማ የነበረው የተን ግፊት በ50 ዲግሪ 55 አካባቢ ይደርሳል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የታሸገ በርሜል ደጋ ሲወጣ ከውጭ የሚደግፈው አየር ይቀንስበታል፤ ዕቃው ቢቀዘቅዝ እንኳ ጉንጩ የተነፋ ሊመስል ይችላል።

ደንቡ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ፈሳሹ 55 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ በርሜሉ ጢም ብሎ መሙላት የለበትም፤ ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ክዳኑ ትንሽ አበጥ ብሎ መገጣጠሚያው ደረቅ ከሆነ በአብዛኛው የከፍታው ሥራ ነው። መገጣጠሚያው ከረጠበ፣ ሽታ ካለ፣ ወይም በርሜሉ ዙሪያውን ከተወጠረ ግን ከመጠን በላይ ተሞልቷል ወይም ተጎድቷል።

ያበጠን በርሜል በመዶሻና በመሮ መክፈት ራስን መግደል ነው። ወደ ጥላ ይውሰዱት፤ አንድ ቀን ይቀዝቅዝ። በርሜሉ በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ። ከዚያ ብልጭታ በማያወጣ የነሐስ ቁልፍ ትንሿን መክፈቻ ሩብ ዙር ብቻ አዙረው ተኑ እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ ፊትዎ ከበላዩ አይሁን፤ ቦታው አየር የሚገባበት ይሁን። ስልክም በኪስ አይኑር።

ከቡና ወይም ከዱቄት ወተት ጋር አትጭንም ተባልኩ

ትክክል ተብለዋል። የ6.1 ጉዳይ ራሱን የሚያሳየው እዚህ ነው። ተቀጣጣይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከምግብ ጋር ያለው ክልከላ ይህን ያህል አይጠብቅም ነበር። የባሕሩ ደንብ ሜታኖልን ከምግብ ጋር በአንድ ኮንቴይነር አያስገባም። ኤዲአር በአንድ መኪና ላይ ቢፈቅድም በመካከላቸው እንደ ጥቅሎቹ ቁመት ያለው ሙሉ ግድግዳ፣ ወይም ቢያንስ 0.8 ሜትር ክፍተት፣ ወይም የመርዝ ምልክት የሌለው ሌላ ጭነት እንዲኖር ይጠይቃል። የጋራ ኮንቴይነር የሚከራይ አነስተኛ አስመጪ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መጫን የለበትም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የመሰለ የክፍል 5.1 ዕቃ ከጎኑ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ኦክሲጅን ሰጪውና ነዳጁ በአንድ ሳጥን አይታሸጉም።

መኪናው ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ቡና ይጭናል። ስለዚህ በመምጫው ሜታኖል ፈስሶበት ከነበረ የወለሉ ጣውላ ሳይታጠብና ሳይመረመር ቡናው እንዳይወጣበት ለአሽከርካሪው በጽሑፍ ይስጡት።

አሽከርካሪው የአደጋ መመሪያ ይዟል፤ ሊያነበው ግን አይችልም

ከሰነዱ ጋር የተያያዘው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ኤዲአር መመሪያው የመኪናው ሠራተኞች በሚያነቡትና በሚረዱት ቋንቋ እንዲሆን ያዛል፤ ደንቡ በማይገዛው መንገድ ላይም ቢሆን ይህን መከተል ብልህነት ነው። በአማርኛ፣ ካስፈለገም በአፋርኛ ወይም በሶማሊኛ አንድ ገጽ ያዘጋጁ። ከሁሉም በፊት ሁለት ነገር ይግባበት። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ጭስ የለም ብሎ መቅረብ ያቃጥላል። ተራ የእሳት ማጥፊያ አረፋም ሜታኖል ላይ ይፈርሳል፤ አልኮልን የሚቋቋም አረፋ ያስፈልጋል።

በአየር የሚመጣው ጠርሙስ ከመንገደኞች አውሮፕላን ይወርዳል

የላቦራቶሪ ሜታኖል ብዙ ጊዜ በ2.5 ሊትር ጠርሙስ ይሸጣል። በመንገደኞች አውሮፕላን የሚፈቀደው በአንድ ጥቅል 1 ሊትር ነው፤ በጭነት አውሮፕላን እስከ 60 ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ «ለጭነት አውሮፕላን ብቻ» የሚል ብርቱካናማ ምልክት ተለጥፎበት በጭነት በረራ ይያዝ፤ ወይም በትንንሽ ጠርሙስ ይታዘዝ። አስቸኳይ ነው ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

ጫኙ ማታ ዓይኑ ይደበዝዛል

ቀን በርሜል ሲያወርድ ልብሱ ረጥቦ ነበር። ራሱን ትንሽ አዞረው፤ ደህና ነኝ ብሎ ሄደ። ማታ ወይም በማግስቱ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ «በረዶ እንደሚዘንብ» ያለ እይታ መጣ። ሜታኖል በቆዳም ይገባል፤ የሚጎዳው ሰውነት ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲቀይረው ስለሆነ ምልክቱ እስከ አንድ ቀን ሊዘገይ ይችላል። መዘግየቱ ነው የሚያታልለው።

ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፤ የደህንነት መረጃ ሰነዱ አብሮት ይሂድ፤ ሐኪሙ ሜታኖል መሆኑን ስሙ ተጠርቶ ይስማ። ወተት ማጠጣት አይፈውሰውም። ሆስፒታል በልክ የሚሰጠው ኢታኖል ወይም ፎሜፒዞል መድኃኒት አለ፤ ቤት ውስጥ አረቄ ማጠጣት ግን የዚህ ምትክ አይደለም። ለሚቀጥለው ጭነት ቡቲል ጎማ ጓንትና ለውጥ ልብስ መኪናው ላይ ይኑር፤ የረጠበ ልብስም ወዲያው ወልቆ ቆዳው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ባዶው ኮንቴይነር ወይም በርሜል ሲመለስ ይያዛል

ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች አሉ። ሳይጸዳ ምልክቱ ከተነሣ ጥፋት ነው፤ ያልጸዳ ባዶ በርሜል እንደ ሙሉው ተቆጥሮ ምልክቱንና ሰነዱን ይዞ ይጓዛል። በውስጡ የቀረው ተን ከፈሳሹ የበለጠ በቀላሉ ይፈነዳል። በሌላ በኩል ኮንቴይነሩ ተራግፎና ጸድቶ ትልቁ ምልክት ካልተነሣ ያው እንደ አደገኛ ጭነት ይያዛል፤ ማንም ስላልላጠው ብቻ ወደብ ላይ ቀናት ይቆጠሩበታል። የሚያራግፈው መጋዘን ማጽዳቱንና ምልክቱን ማንሣቱን በፊርማ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። ደጋ ላይ በጥብቅ ተዘግቶ ወደ ቆላ የወረደ ባዶ በርሜል ደግሞ ወደ ውስጥ ሊጨመደድ ይችላል፤ የግፊቱ ነገር አሁን ተገልብጧል።

በርሜሎቹን ለውሃ፣ ለማር ወይም ለጠላ መያዣ መሸጥ አይገባም። ገዢ ይገኛል፤ ዋጋውም ደህና ነው። በሳሙና ማጠብ ለዚህ አይበቃም፤ ብረቱ ላይ ያለውን የመርዝ ምልክት የላጠ ሰው የሚቀጥለውን ገዢ ማስጠንቀቂያ ይነፍገዋል። ወደ ሻጩ የሚመለስበትን ውል ከግዢው ጋር ይፈራረሙ፤ ካልሆነ ለሕጋዊ አስወጋጅ ከማስረከብዎ በፊት ከላይና ከታች ይበሳ። መጀመሪያ ግን በውሃ ይሞላና ይታጠብ፤ ተን ያለበትን በርሜል በመሰርሰሪያ መንካት አይቻልም።