ቅንጨ አረምን በዘመቻ ስናጠፋ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅንጨ አረም፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም፣ የእኛ አገር ተክል አይደለም። አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለማያ አካባቢ ታየ፤ ወሎም ውስጥ በየመንገዱ ዳር ተስፋፋ። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ ብዙዎች ያምናሉ። በኦሮሚያ ፈረምሲሳ ይሉታል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ አረሙ ሳይታረም የቀረበት ማሽላ ምርቱ እንደየቦታውና እንደየዓመቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል። 97 በመቶ ማለት ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ለዘር የሚሆን እንኳ አጣ ማለት ነው።

መንግሥትም ሕዝቡም ዝም አላሉም። ዘመቻ ይጠራል፣ ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ወጥቶ ይነቅላል። በዓመቱ አረሙ እዚያው ቦታ በቅሎ ይገኛል። ይሄ በሰው ስንፍና አይመስለኝም። ችግሩ አሠራራችን ላይ ነው፤ አሠራር ደግሞ ይታረማል።

አረሙ ካበበ በኋላ መውጣት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ቅንጨ አረም ከበቀለ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያብባል። አንድ በደንብ ያደገ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ይሰጣል። ዝናቡ ጣለ፣ አረሙ በቀለ፤ እኛ ግን ስብሰባ እንጠብቃለን። ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ደብዳቤ እስኪወርድ ማሳው ነጭ በነጭ ሆኗል። ያን ጊዜ ሲነቅሉት ዘሩ ይረግፋል። የተነቀለው ወደ ማሳ ዳር ሲጎተትም በየመንገዱ እየዘራ ይሄዳል። ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚቀጥለውን ዓመት አረም ዘርቶ ይመለሳል።

የዘመቻውን ቀን መወሰን ያለበት ዝናቡ ነው። ዝናብ ከጣለ ከሁለት ሳምንት በኋላ የልማት ሠራተኛውና ገበሬው ማሳውን ዞረው ይዩ። አረሙ በዚያ ዕድሜው ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ነው የሚገኘው፤ ግንድ ገና አላወጣም። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ከነሥሩ በቀላሉ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ቀበሌው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ሰው የመጥራት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። በበልግ የሚዘንብባቸው ቦታዎች የክረምቱን ዘመቻ መጠበቅ የለባቸውም።

አንዴ ነቅሎ "ጸድቷል" ማለት

መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ከፊሉ ይበቅላል፤ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ክረምት ሁለትና ሦስት ጊዜ መመለስ ግድ ነው። ሪፖርቶቻችን ግን የሚቆጥሩት ስንት ሄክታር እንደተነቀለና ስንት ሰው እንደወጣ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ከአንድ ወር በኋላ እዚያው ማሳ ላይ ስንት አረም ተመልሶ እንደበቀለ ይቆጠር እላለሁ። ያ ቁጥር እውነቱን ይናገራል።

ትዕግሥት ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የአቀንጭራን ታሪክ ማንሳት ይቻላል። እኛ ዘንድ ማሽላ የሚጨርሰው ይህ አረም በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሮላይና በቆሎ ማሳ ላይ ተገኘ። ቀስ በቀስ ተወርሮ የተመዘገበው መሬት ከ430 ሺህ ኤከር በላይ ደረሰ፤ ወደ 175 ሺህ ሄክታር መሆኑ ነው። መንግሥታቸው ማሳ በማሳ እየዞረ መዘገበ። የእርሻ መሣሪያ ሳይጸዳ ከተወረረው አካባቢ እንዳይወጣ ከለከለ። መሬት ውስጥ ያለው ዘር ያለ ጊዜው በቅሎ እንዲሞት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አፈር ውስጥ ወጋ። ዛሬ የቀረው ከነበረው አንድ በመቶ አይሞላም። ገንዘባቸው የእኛ አይደለም፤ እሱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ማሳ መዝግቦ በየዓመቱ ተመልሶ ማየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳያቋርጡ መሥራታቸው ነው ዋናው።

በማጭድ ቆርጦ መተው

ከላይ ሲታይ መሬቱ ይጸዳል። ግን ከሥሩ አጠገብ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አጠር ብሎም ቢሆን ያብባል። ይነቀል።

በባዶ እጅ መንቀል

ይህን ስጽፍ ያናድደኛል። አረሙ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል። ብናኙ አስም ያስነሳል። አንዴ ቆዳው የተቆጣ ሰው በቀጣዩ ጊዜ ትንሽ ቢነካው እንኳ ይብስበታል። ሰው አሰልፎ ወደ ማሳ የሚያወጣ አካል ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ማዘጋጀት አለበት። ጓንት ከሌለ ወፍራም ፌስታል ወይም ጨርቅ እጅ ላይ ይጠቅለል፤ ረጅም እጅጌ ይለበስ። ሥራው ሲያልቅ እጅና ልብስ ይታጠብ። አስም ያለበትን ሰውና ሕፃናትን ግን በጭራሽ አያሰልፉ።

የተነቀለውን መንገድ ዳር መጣል ወይም ለከብት መስጠት

ከብት አማራጭ ሲያጣ ይበላዋል። ወተቱ ይመርራል፤ የሥጋውም ጣዕም ይበላሻል። ብዙ ከበላ ከብቱ ራሱ ይታመማል። ያላበበው አረም ለኮምፖስት ይሆናል። ያበበው ግን እዚያው በተቆፈረ ጉድጓድ ደርቆ ይቃጠል እንጂ በጋሪ አይጓዝ።

ማሳን አጽድቶ መንገዱን መርሳት

ገበሬው የራሱን መሬት ያርማል። የመንገዱ ዳር፣ የግጦሹ መሬት፣ የቦዩ ጠርዝ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢስ? ባለቤት የለውም ተብሎ ይታለፋል፤ በዓመቱ ዘሩ ከዚያ ተነስቶ ማሳ ይገባል። መንግሥት ቀድሞ ሊይዝ የሚገባው ይህንን ነው። ዘሩ በጭቃ ላይ ተጣብቆ በመኪና፣ በትራክተርና በኮምባይነር ይጓዛል። በገለባ ጭነት፣ ባልተበጠረ የእህል ዘርም ይሄዳል። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ለዚህ ብላ የመኪናና የእርሻ ማሽን ማጠቢያ ቦታዎች ሠርታለች። እኛ ቢያንስ ኮምባይነሩ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት እንዲጠረግ ማስገደድ እንችላለን።

መድኃኒት ረጭቶ መሬቱን ባዶ መተው

ግላይፎሴት የተባለው የአረም መድኃኒት ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ይገድላል፤ ሣሩንም ጭምር። ባዶ መሬት ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚበቅለው ቅንጨ አረም ራሱ ነው። ቱ ፎር ዲ የተባለው ሌላው የአረም መድኃኒት ሣር አይነካም፤ ባቄላና ሌላ ሰፊ ቅጠል ያለው ሰብል ላይ ካረፈ ግን ሰብሉን ያጠፋል። ስለዚህ ከባለሙያ ሳይመክሩ አይርጩ። በጸዳው መሬት ላይ ቶሎ ሣር ወይም መሬት የሚሸፍን ሰብል ይዝሩ። ግጦሹም ከልክ በላይ አይበላ፤ ሣሩ ሲሳሳ አረሙ ቦታ ያገኛል።

ጥንዚዛው ብቻውን ይጨርሰዋል ብሎ መቀመጥ

ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ አለ። የሜክሲኮ ነው፤ ህንድ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወስዳ ለቃዋለች። ወደ እኛም መጥቶ ሌላ ሰብል እንዳይበላ ተፈትኗል። በተለይ ለአረሙ የቅርብ ዘመድ በሆነው ኑግ ላይ መሞከር ነበረበት። ከዚያ በኋላ በ2008 ዓ.ም. በወለንጪቲ አካባቢ ተለቀቀ። ግንዱን የሚበላ ነቀዝም አብሮ መጥቷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ጥንዚዛው በበጋ አፈር ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ እስኪነሳና እስኪራባ አረሙ ይቀድመዋል። ስለዚህ መንቀሉ አይቋረጥ። ነፍሳቱ በተለቀቁበት አካባቢ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ለልማት ሠራተኛው ይንገር።