ለትንሽ ጀልባ የባህር ሬዲዮ እንዴት ይመረጣል?

ሞተሩ ቀጥ ያለው ከሳንዲ ፖይንት ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ነው። የቤይ ብሪጅ ምሰሶዎች ፊት ለፊታችን ይታያሉ። ጓደኛዬ መልህቅ ጣለ፣ እኔ ሬዲዮ አነሳሁ። የጥሪና የአደጋ ጊዜ መስመር በሆነው ቻናል 16 ላይ ሰዎች ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እኔ ስጣራ ግን የሚመልስ የለም። አምስት ጊዜ ተጣራሁ፣ ጭጭ። በመጨረሻ ሸሚዛችንን አውልቀን ስናውለበልብ ያየን አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎትቶ አወጣን።

ሬዲዮው አዲስ ነበር፣ ያውም 300 ዶላር የወጣበት። ምን ሆኖ እንደነበር እመለስበታለሁ።

ሰሞኑን አንድ የማውቀው ልጅ ያገለገለ ጀልባ ገዝቶ «የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ?» ብሎ ደወለልኝ። እዚህ ሜሪላንድ ቸሳፒክ ቤይ ላይ ያደጉት ይህን ከአባታቸው ይማራሉ። እኛ ደግሞ ከባህር ርቀን ያደግን ነን፤ የምንማረው እየከሰርን ነው። ለሱ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው።

መጀመሪያ «ስልክ አለኝ» የሚለውን እንተወው። ስልክ አንድ ሰው ጋ ነው የሚደውለው። ቪ.ኤች.ኤፍ በሚባለው የባህር ሬዲዮ ቻናል 16 ላይ ስትጣሩ ግን በአካባቢው ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ይሰማችኋል። የባህር ጠረፍ ጠባቂው ኮስት ጋርድ ብቻ ሳይሆን ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ የቆመው ጀልባም ጭምር።

ቀጥሎ፣ የእጅ ወይስ የሚገጠም? የእጁ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ዋት ነው፣ የሚገጠመው 25። ካያክ ከሆነ የእጁን ግዙና ጨርሱ። ጀልባችሁ 12 ቮልት ባትሪ ካለው ግን የሚገጠመውን ግዙ። ገንዘብ ከተረፈ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ጨምሩና የሕይወት ጃኬታችሁ ላይ እሰሩት። ባትሪው ውሃ ውስጥ ከገባ የተገጠመው አብሮ ይሞታል።

ዋት ላይ ግን አትሸወዱ። የዚህ ሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የምድርን ጉብታ ዞሮ አያልፍም። አምስት እጥፍ ዋት አምስት እጥፍ ርቀት አይደለም። ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የእጅ ሬዲዮ ብትይዙ፣ እንደናንተው ከተቀመጠ ሰው ጋር በግምት 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ብትነጋገሩ ነው። የሁለታችሁም አንቴና ከውሃው 2.5 ሜትር ከፍ ቢል ወደ 13 ይጠጋል። የኮስት ጋርድ ማማዎች በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ከነሱ ጋር ርቀቱ ብዙ ይጨምራል። ያም ሆነ ይህ ወሳኙ ከፍታ ነው።

ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንቴናው ላይ ነው። ሬዲዮው ላይ 300 ዶላር ያወጣ ሰው አንቴናው ላይ 30 ዶላር ይቆጥባል። እኔ ብሆን እገለብጠው ነበር፦ መካከለኛ ሬዲዮ፣ ጥሩ አንቴና። ለ5 ወይም ለ6 ሜትር ጀልባ 2.4 ሜትር የሚሆነው፣ 6 ዲቢ የሚባለው ይበቃል (ዲቢ አንቴናው ሞገዱን ምን ያህል አጥብቦ እንደሚልክ የሚለካበት ነው)። ሻጩ «9 ዲቢ ይበልጣል» ቢላችሁ አትስሙት። 3 ዲቢ እንደ ኩራዝ ነው፣ ዙሪያውን ያበራል። 9 ዲቢ ደግሞ እንደ እጅ ባትሪ፣ ጠባብ ግን ሩቅ። ትንሽ ጀልባ ማዕበል ላይ ሲወዛወዝ ያ ጠባብ ጨረር አንዴ ሰማይ አንዴ ውሃ ይመታል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። አንቴናው ከነኬብሉ ነበር የመጣው፤ ኬብሉ ግን ረዘመብኝ። ተጠቅልሎ መቀመጡ አስጠላኝና ለማማር ብዬ ቆረጥኩት። ከዚያ ጫፉ ላይ አዲስ መሰኪያ በራሴ እጅ ገጠምኩ። የዚህ ኬብል ውስጡ አንድ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ውጪው ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መረብ። መሃሉን በየድኩት። መረቡን ግን ወደ ኋላ አጥፌ መሰኪያውን አጠበቅኩበትና «ይነካል» ብዬ ተውኩት። አልነካም። የነካውም ቦታ በአንድ ክረምት አረንጓዴ ዝገት አወጣ።

እንዲህ ያለ ሬዲዮ መቀበሉን ይቀበላል፣ በተለይ ቅርብ ያለውን። ሲልክ ግን ጉልበቱ መሰኪያው ላይ ይቀራል። እኔ መስማቴን አይቼ ሌላውም እኔን የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ኬብሉን አትቁረጡ፤ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ከመቀመጫ ሥር ደብቁት። መቁረጥ ግድ ከሆነ የሚችል ሰው ይበይደው፣ ውሃ እንዳይገባም በደንብ ይሸፈን።

ሌላው ቀዩ ቁልፍ ነው። ክዳን ያለው፣ ከፍታችሁ ጥቂት ሰከንድ ስትጫኑት ማንነታችሁንና ያላችሁበትን ቦታ በቻናል 70 በዲጂታል የሚልክ። ዲ.ኤስ.ሲ ይባላል። ጂፒኤስ ውስጡ ያለበትን ግዙ፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር በሽቦ ማገናኘት ይቻላል፣ ግን ትንሽ ጀልባ ላይ ማን ይታገላል? ቁልፉ በትክክል የሚረዳችሁ ግን ኤም.ኤም.ኤስ.አይ የሚባለውን ባለ 9 አሃዝ ቁጥር አውጥታችሁ ካስገባችሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቦት ዩኤስን በመሳሰሉ ድርጅቶች በኩል በኢንተርኔት ይወጣል። ስታስገቡ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ከአንድ ወይም ከሁለት ሙከራ በኋላ ይቆልፋሉ፣ ማስከፈት ደግሞ ወደ አምራቹ መላክ ነው። ያገለገለ ሬዲዮ የማልወደው ለዚህ ነው። ያለፈው ባለቤት ቁጥር ውስጡ ካለ፣ እናንተ ስትሰጥሙ ኮስት ጋርድ የሚደውለው ለሱ ቤት ነው።

ፈቃድ? ከ20 ሜትር በታች የሆነ የመዝናኛ ጀልባ ከአሜሪካ ውሃ ካልወጣ ለዚህ ሬዲዮ ፈቃድ አያስፈልገውም። ባሃማስ እሄዳለሁ ካላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ውሃ መከላከያው አይ.ፒ.ኤክስ 7 ከሆነ ጥሩ ነው፤ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። የእጁ ደግሞ የሚንሳፈፍ ይሁን፣ የኔ የመጀመሪያው አሁን የቤይው ወለል ላይ ነው። ኖአ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት የአየር ጠባይ ቻናል እዚህ የሚሸጡት ሁሉ ላይ አለ ማለት ይቻላል፤ የሐምሌ ከሰዓት ነጎድጓድ ምን እንደሆነ ካያችሁ ታደምጡታላችሁ። ብሉቱዝ ምናምን ይቅርባችሁ። ኤአይኤስ የሚባለው የመርከብ መከታተያ ግን ማታ የምትወጡ ከሆነ ዋጋው ያዋጣል፤ ወደ ባልቲሞር የሚያልፉት መርከቦች የት እንዳሉ ያሳያችኋል።

ከገጠማችሁ በኋላ ሞክሩት፣ ግን 16 ላይ አይደለም። ከሌላ ጀልባ ጋር ተቀጣጥራችሁ፣ ራቅ ብላችሁ፣ 68 ወይም 72 ላይ። የአየር ጠባዩን መስማት ሙከራ አይደለም፤ እኔም እሱን ሰምቼ ነበር የወጣሁት።

የመጨረሻው 3 ዶላር እንኳ አይፈጅም። ወረቀት ላይ ጻፉና አስለብጣችሁ ከሬዲዮው አጠገብ ለጥፉት፦ ሜይዴይ 3 ጊዜ፣ የጀልባው ስም፣ ያለንበት ቦታ፣ የገጠመን፣ ስንት ሰው ነን። እናንተ ውሃ ውስጥ ብትወድቁ ሚስታችሁ ወይም ልጃችሁ አንብበው ይጣራሉ። የኛን የጻፈችው ልጄ ናት። ጀልባችን ጣና ስለምትባል፣ አሜሪካኖቹ እንዳይደናገሩ ብላ ከሥሩ በትልልቁ ጨምራበታለች፦ ታንጎ፣ አልፋ፣ ኖቬምበር፣ አልፋ።