ለማገዶ የሚሆን የኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ተሳቢ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይሠራል?

ብየዳው ቀላሉ ሥራ ነው። ተሳቢውን የሚያስመሰግነውም የሚያስረግመውም አክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ የሚሽከረከሩበት ብረት፣ የተቀመጠበት ቦታ ነው። እኔ ይህ እስኪገባኝ ድረስ አንዱን ተሳቢ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።

1. ክብደቱን ዕወቁ

በኤቲቪው መመሪያ ደብተር ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ሞተሩ የሚጎትተው ጠቅላላ ክብደት ሲሆን ባዶው ተሳቢም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ሌላው፣ ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያልፈው፣ ጋንቾው (ተሳቢው ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት) ላይ ቁልቁል ሊያርፍ የሚችለው ክብደት ነው።

ቀጥሎ እንጨቱን አስሉ። 120 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 90 ሳ.ሜ ስፋትና 40 ሳ.ሜ ቁመት ያለው ሳጥን 0.43 ሜትር ኩብ ይይዛል። ፍልጡ በደንብ ቢደረደርም ሲሶው ገደማ አየር ስለሆነ የተጣራው እንጨት 0.29 አካባቢ ነው። ገና የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል 290 ኪሎ ጫናችሁ ማለት ነው። ያው እንጨት ሲደርቅ 200 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱ ውሃ ነው። ጊዜ ካላችሁ ፈልጣችሁ እዚያው ከምሩትና ይድረቅ።

2. መግዛት ወይስ መሥራት?

ብየዳችሁ አስተማማኝ ካልሆነ ግዙ። ስትገዙ ቀለሙን ትታችሁ ከሥር ጎንበስ በሉ። ለጓሮ አትክልት የሚሸጡት ርካሽ ጋሪዎች ጎማቸው ትንንሽ፣ አክስላቸው ቀጭን ነው፤ ጎማው የሚሽከረከረውም በኩሽኔታ ሳይሆን በፕላስቲክ ቀለበት ላይ ነው። ግንድ ተጭኖባቸው ጥቂት ጊዜ ጉቶ ከመቱ አክስላቸው ይጎብጣል። ጎማውን ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ወዝውዙት፤ ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለውም እዩ።

ሳጥኑ ተገልብጦ የሚደፋውን ዓይነት ሻጮች ያሞግሱታል። ለአፈርና ለጠጠር እውነታቸውን ነው። ፍልጥ ግን ደፍታችሁት ተመልሳችሁ በእጅ ትደረድሩታላችሁ፤ እኔ ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣም። በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለውና ጎማዎቹ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ የሚሉት ተሳቢ ጉቶ ላይ ድንቅ ነው፤ ግን ከባድና ውድ ስለሆነ በየሳምንቱ ጫካ ለሚገባ ሰው ይሁን።

3. ሳጥኑና ፍሬሙ

50 በ50፣ ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል። የሳጥኑን ርዝመት በፍልጣችሁ ልክ አባዙት፦ ፍልጡ 40 ሳ.ሜ ከሆነ 120 ሳ.ሜ ሦስት ረድፍ ይይዛል። ስፋቱ ከኤቲቪው አይብለጥ። ወለሉን በጠንካራ የብረት ወንፊት ሥሩት፤ ላሜራ ውሃና ቅርፊት አቁሮ ይዝጋል።

4. አክስሉ የት ይቀመጥ?

የመጀመሪያ ጊዜ አክስሉን የሳጥኑ መሐል ላይ በየድኩት። ባዶውን በሁለት ጣት ሳነሣው በሥራዬ ኮራሁ። ከዚያ ረጃጅም ግንድ ወደ ኋላ አስወጥቼ ጭኜ ዳገት ጀመርኩ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ አዘነበለና ጋንቾው የሞተሩን ኋላ ወደ ላይ ማንሣት ጀመረ። የኋላ ጎማዎቹ መሬት መቆንጠጥ አቅቷቸው ባዶ ተሽከረከሩ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ተሳቢው ወደ ጎን ታጠፈ። እኔ ዘልዬ ወረድኩ፤ መጎተቻው ዘንግ ግን ጎበጠ።

በሁለተኛው ጊዜ ፈርቼ አክስሉን በጣም ወደ ኋላ ወሰድኩት። ያኔ ደግሞ ጋንቾው ላይ ያረፈው ክብደት የፊት ጎማዎቹን አቀለላቸው፤ መሪውን ባዞርም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጋንቾው ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከጋንቾው እስከ አክስሉ 1.5 ሜትር ከሆነ፣ 10 በመቶ ለማግኘት የጭነቱ መሐል ከአክስሉ በ15 ሳ.ሜ ወደ ፊት መሆን አለበት። የርቀቱ አንድ አሥረኛ ማለት ነው።

ይህ ግን ለጥ ባለ መሬት ላይ ነው። የጭነቱ መሐል ከአክስሉ 50 ሳ.ሜ ከፍ ካለ፣ 15 ዲግሪ ዳገት ላይ ያ መሐል 13 ሳ.ሜ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። የሰጣችሁት 15 ሳ.ሜ ሊያልቅ ነው። ዳገት የሚበዛበት ቦታ ከሆናችሁ ወደ 15 በመቶው ተጠጉ፤ የደብተሩን ቁጥር ግን አትለፉ። ሳጥኑንም ዝቅ አድርጉት።

ስለዚህ አክስሉን ወዲያው አትበይዱት። በዩ ቅርጽ ቡሎን እሰሩት፣ እንጨት ጫኑ፣ ከዘንጉ ጫፍ ሥር የሰው መመዘኛ ሚዛን አስቀምጣችሁ ዘንጉን በጋንቾው ከፍታ ልክ ደግፉት። ተሳቢውና ጭነቱ 380 ኪሎ ከሆኑ ሚዛኑ ከ38 እስከ 57 ያንብብ። ካልሆነ ቡሎኑን ፈታ አድርጋችሁ አክስሉን ግፉት። ልኩን ስታገኙ አጥብቁት። እኔ እስካሁን አልበየድኩትም።

5. ዘንጉና ጋንቾው

አጭር ዘንግ ሁለት ጣጣ አለው፦ ወደ ኋላ ስትሄዱ ቶሎ ይታጠፋል፤ ስትጠመዘዙም የሳጥኑ ጥግ የኤቲቪውን ጎማ ይበላል። ከጋንቾው እስከ ሳጥኑ ያለው ርዝመት ከኤቲቪው ስፋት ግማሽ በአንድ ስንዝር ይብለጥ።

ጋንቾው በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ቢሆን እመርጣለሁ። ተሳቢው ጉቶ ላይ ወጥቶ ሲገለበጥ ሞተሩን ይዞት አይገለበጥም።

6. ጎማ

ሰፊና በዝቅተኛ አየር የሚሠራ ይሁን፤ ጠባብ ጎማ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ከኤቲቪው ጋር እኩል ከሆነ ተሳቢው የሞተሩን ዱካ ይከተላል። ጎማው ላይ ከተጻፈው የአየር መጠን አትለፉ።

7. መጫንና መውረድ

ከባዱን ከታችና ከፊት ጫኑ። ግማሽ ጭነት ከሆነም ከፊተኛው ረድፍ ጀምሩ፤ ከኋላ ብቻ ከተደረደረ የእኔ ዳገት ይደገማል። ከሳጥኑ ጠርዝ በላይ አትከምሩ፤ በቀበቶ እሰሩት።

ተሳቢው ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለት ላይ እሱ ነው እናንተን የሚገፋችሁ። መውረድ ሳትጀምሩ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገቡ፣ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ፣ ፍሬኑን በአንዴ አትርገጡ። ተዳፋትን በአግድም አታቋርጡ።

ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ የጎማዎቹን መሐል በእጃችሁ ዳብሱ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ጠብቋል ወይም ግራሶ አጥሮታል። ቡሎኖቹንም ያኔውኑ በመፍቻ አጥብቁ።