በመድረክ ላይ የተቀረጸ ሙዚቃዊ ቴአትር ቤታችሁ ሆናችሁ እንዴት ይታያል

ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመንዝ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ታሪካቸው በዘፈን የሚነገር የውጭ አገር ትልልቅ ሙዚቃዊ ቴአትሮች ደግሞ አዲስ አበባም አይገኙም። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ሆኖ እነሱን ማየት የፈለገ ሰው ያለው መንገድ መድረክ ላይ ሲታይ በካሜራ የተቀረጸውን ቤቱ አምጥቶ ማየት ነው። ይህ የቴአትር ትራፊ አይደለም። ካሜራው ከአዳራሹ የኋላ ወንበር የማይታየውን የተዋናዩን ዓይን፣ የግንባሩን ላብ ሳይቀር ያሳያችኋል። ሳትዘጋጁ ከከፈታችሁት ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይነሳል። ከዝግጅቱ ሁሉ የሚበልጡት ደግሞ ታሪኩን ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገርና ድምፁን ማስተካከል ናቸው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ እነዚህን ሥሩ።

1. የምታዩትን ምረጡ

አንዳንዱ ሙዚቃዊ ሥራ ከመድረክ ወጥቶ እንደ ፊልም እንደ አዲስ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ዘፋኞቹ ማይክ ፊት ቆመው ዘፈኖቹን ብቻ የሚያቀርቡበት ኮንሰርት ነው። እኛ የምንፈልገው ተውኔቱ እንዳለ፣ ከነመብራቱ፣ ከነውዝዋዜው፣ ብዙ ጊዜም ከነተመልካቹ ጭብጨባ የተቀረጸውን ነው። መግለጫው ላይ የተቀረጸበት ቴአትር ቤትና ዓመት ተጽፎ ካገኛችሁ እሱ ነው። ተመልካች መሃል ተደብቆ በስልክ የተቀዳውን ተዉት፤ ግጥሙ በአዳራሹ ጉርምርምታ ተውጦ አይሰማም፣ ያለ ፈቃድ የተወሰደ የሰው ድካምም ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ቤተሰብ እኔ የምመርጠው «ካም ፍሮም አዌይ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒውዮርክ ውስጥ በጄራልድ ሾንፌልድ ቴአትር ተቀርጾ አፕል ቲቪ ፕላስ በተባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ወጥቷል። ርዝመቱ ከ2 ሰዓት በታች ነው፤ እረፍት የለውም። ታሪኩ የሚነሳው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ መሆኑ ነው። ኒውዮርክና ዋሽንግተን ላይ ጥቃት ደርሶ የአሜሪካ ሰማይ ሲዘጋ፣ 38 አውሮፕላኖች ጋንደር በምትባል ትንሽ የካናዳ ከተማ እንዲያርፉ ተገደዱ። ወደ 7,000 የሚጠጉ መንገደኞች ሳይታሰቡ ሲመጡባቸው የከተማዋና የአካባቢዋ ነዋሪዎች አበሏቸው፣ አለበሷቸው፣ ቤታቸው አሳደሯቸው። የእግዜር እንግዳ ሲያሳድር ለኖረ የሸዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም።

«ሃሚልተን» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትርም ድንቅ ነው። ግን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ግጥሙም በአብዛኛው በፍጥነት የሚወርድ ራፕ ነው። ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ ይቆይ።

2. ቀድማችሁ አውርዱ

ማታ ላይ ኢንተርኔቱ ሲጨናነቅ በቀጥታ ለማየት መሞከር ዘፈኑን መሃል ላይ መቁረጥ ነው። የፊልም አፕሊኬሽኖቹ ስልክ ወይም ታብሌት ላይ ማውረድ ይፈቅዳሉ፤ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ተኝታችሁ እያለ ይውረድ። በ720 ጥራት ለአንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት አስቡ፤ በ1080 ደግሞ እጥፍ ገደማ። አፕሊኬሽን ውስጥ የወረደው ከዚያ ወጥቶ በፍላሽ አይሄድም፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር መገናኘት ያለበት መሣሪያው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ቻርጀር የሚቀበል ሁሉም ስልክ በዚያው ቀዳዳ ምስል አያወጣም። ስክሪኑን በዋይፋይ ቴሌቪዥን ላይ ስታንጸባርቁም አንዳንዱ አፕሊኬሽን ድምፁን እያሰማ ምስሉን ያጠቁረዋል። ስለዚህ በዋዜማው አምስት ደቂቃ ያህል አጫውታችሁ ፈትሹ።

በሕጋዊ መንገድ ያገኛችሁት ፋይል በፍላሽ የሚታይ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። ፍላሹ በፋት 32 የተፎረመተ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት፣ ቴሌቪዥናችሁ ማንበቡንም አረጋግጡ። ምስሉ በኤች 265 የተጨመቀ ከሆነ ደግሞ የቆየ ቴሌቪዥን ላይከፍተው ይችላል። በላፕቶፕና በኤችዲኤምአይ ገመድ ማየት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል።

3. ታሪኩን በአማርኛ ንገሩ

ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይሰሙ ወይም የስክሪን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይናቸው የደከመ አባት፣ እናት፣ አያት ካሉ ይህ እርምጃ ከሁሉ ይቀድማል። ታሪኩን ማወቅ ደስታውን አያጠፋም። መጨረሻው የታወቀ ታሪክም ሲዘፈን ልብ ይነካል።

ከማየታችሁ በፊት አንድ ሰው፣ ጥሩ ተራኪ የሆነው፣ አጭር መግለጫውን አንብቦ በራሱ አማርኛ ያውራ። ዝርዝር አይብዛ፤ ማን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚከለክለው በቂ ነው። «እማማ፣ ይህችኛዋ ልጇ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። አደጋው ከደረሰ ጀምሮ ስልክ ብትደውል አያነሳላትም። ሌላዋ ደግሞ የዚያው ከተማ ሰው ናት፣ የሷም ልጅ እሳት አጥፊ ነው፤ አብራት ትቀመጣለች» ቢባል ያቺ እናት ስልኩን ይዛ ስትዘፍን አስተርጓሚ አያስፈልግም። በ«ካም ፍሮም አዌይ» ላይ አስቀድሞ መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። መድረኩ ላይ ያሉት 12 ተዋናዮች ብቻ ናቸው። አንዱ ሰው ኮፍያውን ወይም ጃኬቱን ሲቀይር ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ አሁን የከተማው ነዋሪ የነበረው ወዲያው መንገደኛ ይሆናል። ይህን ያልሰማ ተመልካች ከመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ጀምሮ ግራ ይጋባል።

«ለምን ዝም ብለው አያወሩም? ምን ያዘፍናቸዋል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እኛ ዘንድ ሀገር ፍቅርን የመሰሉ ቤቶች ሙዚቃንም ተውኔትንም በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያሳዩ ኖረዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘፈኑ ለብቻው፣ ተውኔቱ ለብቻው ነው። እዚህ ዘፈኑ ራሱ ታሪኩን ይሸከማል። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ተራ ንግግር አልበቃ ሲላት ሙሾ እንደምታወርደው፣ ባለታሪኩም ስሜቱ ከቃል ሲያልፍ ወደ ዜማ ይሻገራል። ስለዚህ ዘፈን ሲመጣ ወደፊት ማሳለፍ ትልቁ ጥፋት ነው። እዚሁ ሥራ ውስጥ አንዲት የአውሮፕላን አብራሪ ከልጅነት ሕልሟ ጀምሮ ካፒቴን እስከ ሆነችበት፣ እስከዚያችም ቀን ድረስ ያለውን ሕይወቷን በአንድ ዘፈን ትጨርሰዋለች። እሱን የዘለለ ሰው የአንድ ሰው ዕድሜ አመለጠው።

ቴአትር ለዚህ አገር እንግዳ እንዳልሆነም ለልጆቹ ንገሯቸው። በአማርኛ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የሰያደብር ተወላጅ ናቸው።

4. ድምፁን አስተካክሉ

ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ነገር ካለ ድምፅ ላይ ይሁን። የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ከኋላ ወይም ከሥር በኩል ነው። ከበሮው ይጮሃል፣ ግጥሙ ይጠፋል። ተራ የኮምፒውተር ስፒከር እንኳ ፊት ለፊት፣ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ሲሆን ብዙ ይለውጣል። በገመድ አገናኙት። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፤ ዘፋኙ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይመጣል። በላፕቶፕ ቪኤልሲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ የምትጠቀሙ ከሆነ «ጄ» እና «ኬ» ቁልፎች የድምፁን መዘግየት፣ «ጂ» እና «ኤች» ደግሞ የጽሑፉን ያስተካክላሉ።

ሙዚቃው ጎልቶ ንግግሩ ከሳሳ የድምፅ ማውጫውን ምርጫ ተመልከቱ። ለአምስትና ለስድስት ስፒከር የተዘጋጀ ድምፅ ሁለት ስፒከር ላይ ሲወጣ የመሃሉ ድምፅ ሊደክም ይችላል፤ ዘፋኙ ያለው ደግሞ መሃል ላይ ነው። «ስቴሪዮ» ወይም «ፒሲኤም» የሚለውን ምረጡ።

ክፍሉም ድምፅ ያበላሻል። የሲሚንቶ ግድግዳና ወለል ድምፁን መልሶ ያስተጋባል። መንዝ የሚሠራው የበግ ጠጉር ባና እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ አንዱን ወለሉ ላይ አንጥፉት፣ ሌላውን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ስቀሉት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምንም ስፒከር አይችለውም፤ የክረምት ማታ ከሆነ ሰማዩን አይታችሁ ቀን ምረጡ።

5. ምስሉ

ቴሌቪዥኑን ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ቀይሩት፤ የመድረክ መብራት ያረፈበት ፊት በቪቪድ ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ይጠፋል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ምርጫ አጥፉ። ምስሉን ለማስፋት ብላችሁ ጠርዙን አትቁረጡ፤ ዳር ላይ የቆመው ተዋናይም ሥራ ላይ ነው። አምፖሉን አጥፉ።

6. ብርዱና ከሰሉ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የማታ ውርጭ ይታወቃል። በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ የከሰል ምድጃ ክፍሉ መሃል አስቀምጦ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ግን ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታትና ድካም ነው፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። በጨለማ ክፍል ዘፈን እየሰማ ያንቀላፋ ሰው ደግሞ ታሞ እንደሆነ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይቅር፤ ሙቀቱን ከጋቢና ከብርድ ልብስ ፈልጉ፤ ልጆችን መሃል አስቀምጡ። አንድ ሰው ራሱን ካመመውና ክፍሉ ውስጥ እሳት ከነበረ ቴአትሩን አቁማችሁ ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ይህ ጭንቀት የለባችሁም፤ የእናንተ ችግር የአየር ማራገቢያው ድምፅ ነው፣ ከስፒከሩ አርቁት።

7. የቡናው ሰዓት

ሁለት ክፍል ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ እረፍት አለው፤ በ«ሃሚልተን» ቅጂ ላይም የአንድ ደቂቃ ቆጠራ ይመጣል። እዚያ ላይ አቁሙና አዳራሽ ውስጥ እንደሚሆነው ሩብ ሰዓት ውሰዱ። ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ ይቆይ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ጀበናው ኩሽና ውስጥ ይጣድ። አቦሉ በእረፍቱ ይጠጣል፣ ቶናና በረካው ካለቀ በኋላ። ቆሎም ለእረፍት ይሁን፤ ዝግ ባለ ዘፈን መሃል የስምንት ሰው ቆሎ ከስፒከሩ ይበልጣል። እረፍት የሌለውን ስታዩ ግን ቡናውን አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ መሃል ላይ አትቁረጡት።

8. ስታዩ

ስልክ ይዘጋ። ማብራሪያ ካስፈለገ ዘፈን ሲያልቅና ጭብጨባው ሲነሳ ንገሩ፣ በዜማው ላይ አታውሩ። ጭብጨባው ሲመጣ እናንተም አጨብጭቡ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ኋላ ግን ከሁሉ ይብሳሉ። መብራት ከጠፋ ካቆማችሁበት ሰከንድ አትቀጥሉ፤ ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ ተመለሱ።

ሰላምታው ሲጀመር ተነስታችሁ አትዝጉ። በ«ካም ፍሮም አዌይ» ተዋናዮቹ ከተሰናበቱ በኋላ ሙዚቀኞቹ ወደ መድረኩ ወጥተው ይጫወታሉ። ቫዮሊኑን፣ አኮርዲዮኑንና የእጅ ከበሮውን ማን ሲጫወት እንደነበር የምታዩት በደንብ እዚያ ላይ ነው።

9. ሁለተኛው ዙር

በሳምንቱ ድገሙት፤ አሁን የትርጉም ጽሑፉን አጥፉ። በመጀመሪያው ዙር ዓይናችሁ ከስክሪኑ ግርጌ አልተነሳም ነበር፤ አሁን የማይዘፍኑትን እዩ። እያንዳንዱ ወንበርና ጠረጴዛ ከየት ተነስቶ አውሮፕላን፣ አውቶቡስ፣ ምግብ ቤት እንደሚሆን ተከታተሉ፤ ዕቃውን የሚያንቀሳቅሱት ራሳቸው ተዋናዮቹ ናቸው። የሚዘፍኑ ልጆች ካሏችሁ አንድ ትዕይንት መርጠው በቤቱ ወንበሮች ይሞክሩት፤ ግጥሙንም በራሳቸው አማርኛ ይግጠሙለት።