በረዶ ላይ በግመል እግር፦ ስኖውሹ ለጀማሪ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው በደቻቱ አሸዋ ላይ ግመልና አህያ ጎን ለጎን ሲሄዱ አይቷል። አህያዋ ጭነት ሲከብዳት ሰኮናዋ እየሰመጠ ትደክማለች፤ ግመሉ የእሷን እጥፍ ተሸክሞም እግሩ ሰፊ ስለሆነ አሸዋው ይችለዋል። ስኖውሹ ማለት ይኸው ነው፤ ሰፊ መርገጫ ነው። ከጫማችሁ ስር ታስሮ ክብደታችሁን ይበትነዋል፤ እስከ ጉልበት የሚውጥ በረዶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። እንደ ስኪ አያንሸራትትም፣ ኮርስም አይፈልግም። መራመድ የቻለ ሁሉ ይችለዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ የእኔን የመጀመሪያ ቀን ብታዩ ግን አታምኑም ነበር።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ያን ቀን ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካናቴራ ለብሼ ወጣሁ። ጓደኛዬን ፎቶ ላነሳ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስል የስኖውሹው ጭራ በረዶው ውስጥ ተሰካና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ለመነሳት መዳፌን ስጫን ክንዴ እስከ ትከሻዬ ገባ። ጓደኛዬ እየሳቀች ከእኔ ይልቅ ስልኬን ፈለገች። ስለዚህ ከመውደቅ እንጀምር፤ መውደቃችሁ አይቀርምና። መጀመሪያ በጎን ተገልበጡ። ስትራመዱ በእጃችሁ የምትይዟቸውን ሁለት ዱላዎች በረዶው ላይ አጠላልፋችሁ አስተኟቸውና መገናኛቸውን ተጫኑ፤ እጃችሁ አይሰምጥም። ከዚያ በጉልበት፣ ቀጥሎ አንድ እግር። ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ እርሱት። መዞር ከፈለጋችሁ እንደ መኪና ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ።

እኛ ከሰማይ የወረደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም በረዶ ብለን እንገላገላለን። እግር ስር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። አዲስ የወረደና እንደ ጤፍ ዱቄት የላላ ከሆነ ስኖውሹ የግድ ነው። ሰው ረግጦት የጠነከረ መንገድ ላይ ግን ስኖውሹ ሸክም ብቻ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ማይክሮስፓይክ የሚባለው፣ ጫማ ላይ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ባለጥርስ ሰንሰለት ነው። እኔ ሁለቱንም መኪና ውስጥ ይዤ እሄድና መንገዱን አይቼ እወስናለሁ።

መጀመሪያ ተከራዩ። ደህና ስኖውሹ አዲሱ ከ150 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትሞክሩ ያን ገንዘብ አታውጡ። የሚመረጠው በጫማ ቁጥር ሳይሆን በክብደት ነው፤ ያውም ከነልብስና ከነቦርሳ። እኔ 150 ፓውንድ ነኝ፣ ተጭኜ 170 ገደማ እሆናለሁ፤ ርዝመቱ 22 ኢንች የሆነው ይበቃኛል። በጣም የላላ በረዶ ሲሆን ወይም ሰውዬው ከበድ ሲል 25፣ ከዚያም 30 ኢንች አለ። እያንዳንዱ አምራች የራሱ የክብደት ሠንጠረዥ አለው፣ እሱን እዩ።

ማሰሪያውን ቤት ተለማመዱ፤ ብርድ ላይ ጣት አይታዘዝም። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ግን! የእኔ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የብረት ጥርሱ የሠራውን ጉድ ባለቤቴ እስካሁን ያነሳዋል። የእግራችሁ ፊት፣ ከጣቶቹ ኋላ ያለው ሰፊው ክፍል፣ ከሚታጠፈው ብረት በላይ ይሁን፤ ተረከዙ ነፃ ሆኖ ይነሳል። ዘለበቶቹ ወደ ውጭ የሚዞሩት ቀኝ በቀኝ፣ ግራ በግራ ሲሆን ነው።

ልብስ ላይ አንድ ሕግ አለኝ፦ ጥጥ አይነካኝም። ጥጥ ላብ ከጠጣ አይደርቅም፤ ያን ቀን ያንቀጠቀጠኝ ብርዱ ሳይሆን የገዛ ላቤ ነበር። የምንወደው ጋቢ ለመልስ ጉዞ መኪና ውስጥ ይቆይ። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሃል ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት፤ ጫማው ውሃ የማያስገባ ቡት፣ ካልሲው ሱፍ። መኪናው አጠገብ ስትቆሙ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ሞቋችሁ ከጀመራችሁ በአሥር ደቂቃ በላብ ትታጠባላችሁ። የፀሐይ መነጽርና ቅባትም ያዙ፣ በረዶው ጨረሩን ከታች ይመልሰዋል።

ስንቅ ላይ አቦ፣ እኛን የሚያህል የለም። ቸኮሌት ብርድ ላይ ድንጋይ ይሆናል፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ያው ናቸው። ሻይ በፔርሙዝ። የውሃ ጠርሙሳችሁን ክዳኑ የማያፈስ ከሆነ ቦርሳ ውስጥ ገልብጣችሁ አስገቡት፤ ውሃ የሚረጋው ከላይ ስለሆነ አፉ አይዘጋባችሁም።

የት? ከዴንቨር አካባቢ ለሚነሳ የእኔ ምርጫ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ነው። በአውራ ጎዳና 36 ቦልደርን አልፋችሁ ኢስቴስ ፓርክ፣ ከዚያ ቤር ሌክ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ። ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያው በጠዋት ይሞላል፤ ማታ ስለምሠራ እኔ ማክሰኞ ነው የምሄደው። ከቤር ሌክ እስከ ኒምፍ ሌክ ግማሽ ማይል ነው፤ ሽቅቡም 70 ሜትር ቢሆን ነው። በሰመር ውሃው ላይ ቢጫ አበባ ይንሳፈፍበታል፣ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። ለመጀመሪያ ቀን እዚያ ይበቃችኋል። ቤር ሌክ 2,880 ሜትር ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች “ከፍታ ለኛ ምንድነው?” ትላላችሁ፤ ሰውነታችሁ ግን ዓመታት ዴንቨር 1,600 ላይ ተቀምጧል። ቀስ በሉ።

አረማመዱ እግርን ትንሽ ከፈት አድርጎ ነው፤ ያለዚያ አንዱን በሌላው ትረግጡና በፊታችሁ ትወድቃላችሁ። ሽቅብ ላይ የፊቱን ጥርስ በረዶው ውስጥ ምቱ። ተረከዝ ስር የሚነሳ ሽቦ ካለው አንሱት፣ ባታችሁ ያመሰግናችኋል። ቁልቁል ጉልበት አጠፍ፣ ክብደት ተረከዝ ላይ፣ ዱላ ወደ ፊት። የዱላው ጫፍ ሰፊ ሳህን ይኑረው፤ ከሌለው እሱም ይሰምጣል። ስኪ የሚሄዱበትን የተሰመረ መስመር አትርገጡ፤ ጎኑን ይዛችሁ ሂዱ።

ቀልድ የሌለበት ነገር የበረዶ ናዳ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው፤ እናንተ ሜዳው ላይ ሆናችሁም ከላይ ሊመጣባችሁ ይችላል። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ አደጋውም በአምስት ደረጃ ይለካል። ሳላየው ከቤት አልወጣም፤ ከኒምፍ ሌክ ወዲያ ወደ ኤመራልድ ሌክ ለመግፋት ስታስቡ ደግሞ በተለይ እዩት። ሐይቁም የረጋ ቢመስል ዳር ዳሩን ዙሩት፤ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ሁሌም ስስ ነው።

ዲሴምበር ላይ ፀሐይ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ በአገር ቤት አቆጣጠር 10 ተኩል መሆኑ ነው። ተራራው ጥላውን ከዚያም ቀድሞ ይጥላል። እኔ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት (በአገር ቤት 8) ሲል የትም ብሆን ፊቴን አዙሬ ወደ መኪናዬ ነው።

ቤት ስትገቡ ስኖውሹውን እርጥብ እንደሆነ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትተዉት፣ ጥርሱ ይዝጋል። እኔ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ እስኪደርቅ ማንም ሻወር አይወስድም።