ቁጥሩ የሚቀያየር ጥያቄ ስታዘጋጁ እነዚህን ተጠንቀቁ

ለኦንላይን ኮርስ መጀመሪያ የሠራሁት ራሱን የሚያርም ጥያቄ የኳድራቲክ እኩልታ ነበር። የኤክስ ስኩዌር ኮፊሸንት 1፣ ቢ (የኤክስ ኮፊሸንት) እና ሲ (ብቻውን የሚቆመው ቁጥር) ደግሞ ከ1 እስከ 6 ለየተማሪው በራንደም ይውጡ ብዬ አዘዝኩና ተኛሁ። ጠዋት ቴሌግራሜ በስክሪንሾት ተሞልቶ ጠበቀኝ። «መምህር፣ የኔ መልስ የለውም እንዴ?»

እውነትም አልነበረውም። እስቲ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። የሚገኘው 36 ዓይነት ጥያቄ ነው። 17ቱ ዲስክሪሚናንታቸው (ቢ ስኩዌር ሲቀነስ 4 ሲ) ከዜሮ በታች ስለሆነ ሪል መልስ የላቸውም። 12ቱ ስኩዌር ሩት ይዘው ይቀራሉ። በሙሉ ቁጥር የሚያልቁት 7 ብቻ ናቸው። አንዱ ተማሪ በደቂቃ ፋክተር አድርጎ ይወጣል፣ ጎረቤቱ ካልኩሌተር ፍለጋ ይዞራል፣ ሦስተኛው የሌለ መልስ ሲያሳድድ ሰዓቱ ያልቅበታል። እኩል ፈተኗቸዋል ብዬ ለማን ልናገር?

መልሱን አስቀድማችሁ በራንደም አውጡ፤ ጥያቄውን ከመልሱ ተነስታችሁ ሥሩ። ሩቶቹ፣ ማለትም የእኩልታው መልሶች፣ 2 እና 3 ከወጡ ድምራቸው ምልክቱን ቀይሮ ቢ ይሆናል፣ ኔጌቲቭ 5። ብዜታቸው ሲ ነው፣ 6። አለቀ! ይህን ለአዲስ መምህራን በየዓመቱ እናገራለሁ፤ በየዓመቱም «እኔ ሬንጁን ሰፋ አድርጌዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ሬንጁ በሰፋ ቁጥር በሙሉ ቁጥር የሚያልቀው ጥያቄ ይበልጥ እየሳሳ ነው የሚሄደው።

ስታክ የሚባለውን የሒሳብ ጥያቄ ማዘጋጃ የምትጠቀሙ፦ ራንድ (ራንደም ቁጥር የሚያወጣው ፈንክሽን) ውስጥ 5 ብትሉት ከ0 እስከ 4 ነው የሚሰጣችሁ። 5 አይመጣም፣ 0 ግን ይመጣል፤ መጥቶም አካፋይ ቦታ ላይ ይቀመጣል። 0ን ለማስቀረት ራንድ ዊዝ ፕሮሂብ የሚባል ፈንክሽን አለላችሁ።

ሙድል (የኦንላይን ኮርስ ማስተማሪያው ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ ቶለራንሱን፣ ማለትም የሚፈቀደውን የስህተት መጠን፣ ሪላቲቭ (ከመልሱ በመቶኛ የሚሰላ) አድርጋችሁ ትክክለኛው መልስ 0 የወጣ ዕለት ጉድ ነው። የዜሮ አንድ በመቶም ዜሮ ነውና 0.0001 የጻፈ ልጅ ይወድቃል።

ሁለት ክፍል ያለው ጥያቄ ከሆነ በ«ሀ» ስህተት «ለ» ላይ ደግማችሁ አትቅጡ።

ሳትለቁት 20 ያህል ቅጂ አውጥታችሁ በወረቀት ሥሩት። ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ጥያቄውን አትነካኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ስምም በራንደም ያወጣሁበት ጊዜ ነበር። «ጫልቱ 4 ኪሎ ሽንኩርት ገዛ፤ ለነጋዴውም 500 ብር ሰጠ። ስንት ብር ይመለስለታል?» የእኛ ግስ ጾታ እንዳለው የረሳሁት እኔ፣ አማርኛ ተናጋሪው! ስምና ግስ አጣምሮ መዘርዘር ሲሰለቸኝ «እርስዎ 4 ኪሎ ሽንኩርት ቢገዙ» ብዬ አመለጥኩ። ተማሪዎቼ «መምህር ዘንድሮ አከበሩን» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።